የቸኮለው ምልክት

መምህሩ ወድቆ የተገኘው በመሞከሪያ ክፍሉ ውስጥ፣ ከሽቦ ፍርግርጉ በር ሥር ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የቀኝ እጁ ጣቶች ጫፋቸው ጠቁሯል። መነጽሩ ከአንደኛው ጆሮው ወልቆ በሌላው ተንጠልጥሏል፤ ደረቱ ላይ የገዛ ራሱ ግራጫ ሹራብ ጣል ተደርጎበታል። ፊቱ ግን ከምሳ በኋላ ጋደም ያለ ሰው ፊት ይመስል ነበር። መርማሪዋ ከአጠገቡ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። ከበሩ ውጭ የአንዲት ሴት ለቅሶ ይሰማል፤ ድምፁ ከፍ ዝቅ አይልም፣ ትንፋሽ ለመሳብ ብቻ ይቋረጣል።

የጣቢያው ሰዎች ይህችን መርማሪ «ቀስ በቀስ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ለማሾፍ ነው። አንድ ጉዳይ በያዘች ቁጥር አለቃዋ በበሩ ብቅ ይልና «እንቁላሉ እግር አወጣ ወይ?» ይላታል፤ እሷም «ገና ጣቱን እየቆጠርኩለት ነው» ትለዋለች። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ደግሞ እርምጃዋ ይበልጥ ዘግይቷል። ሬሳ ፊት ስትቆም አስቀድማ የምታስበው ለሟቹ ማን ቆሞ እንደሚያለቅስለት ነው፤ ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም።

ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ያረጀ ቤት ነው። መምህሩ ማስተማሩን ከተወ በኋላ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ሆኖ የቺፕ መንደፊያ አደረገው። የሚነድፉት ቺፕ ሥራው አንድ ነው፤ የትልልቅ ማሽኖች በር ሲከፈት ኃይሉ እንዲቋረጥ ምልክት ይልካል። በራሳቸው መሞከሪያ ክፍልም ያንኑ ቺፕ ገጥመውታል። ከፍርግርጉ ውስጥ ሰው የሚገድል ቮልቴጅ አለ፤ በሩ ሲከፈት ግን ቺፑ ምልክቱን ይልካል፣ ኃይሉ ይቋረጣል፣ እጅ ቢገባም አንዳች ነገር አይሆንም። መምህሩ እንግዳ በመጣ ቁጥር በሩን ከፍቶ፣ ሽቦውን በባዶ እጁ ጨብጦ ያሳይ ነበር።

የፖሊሱ የኤሌክትሪክ ባለሙያ በሩን ደጋግሞ ከፍቶ ዘጋው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ኃይሉ ይቋረጣል።

«ይሄ በር ሲከፈት ሽቦው በድን ነው» አለ ላቡን እየጠረገ። «በድን ሽቦ ደግሞ ሰው አይገድልም። እኔ አልገባኝም።»

«እኔም አልገባኝም» አለችው፤ ተነስታም ክፍሉን ታየው ጀመር።

ከፍርግርጉ አጠገብ የተገጠመው ሰሌዳ አቧራ ለብሷል። ቺፑም፣ በዙሪያው የተበየዱት ጥቃቅን ዕቃዎችም ደብዝዘዋል። ከመካከላቸው አንዲት ሬዚስተር ብቻ፣ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት መግቻ፣ ግራና ቀኟ ያብረቀርቃል። አቧራ አልነካትም። መርማሪዋ አጎንብሳ አየቻት፤ ቀጥላ ወደ መበየጃው ጠረጴዛ ሄደች። መበየጃው ብረት ከማጉያው መስታወት በስተቀኝ ተቀምጧል፤ ገመዱ ከግራ ግድግዳ ተነስቶ ጠረጴዛውን አቋርጦ ተወጥሯል። እጇን አስጠግታ ወዲያው ሰበሰበች። ግሏል። ብረቱ የሚጠረግበት እርጥብ ስፖንጅ ላይ አንዲት ጥቁር ፍሬ ተጣብቃ አየች። በወረቀት አንስታ ኪሷ ከተተቻት።

ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ መልስ ሰጠ። ኤሌክትሪኩ ሰውየውን ባንዴ አልገደለውም። ድሮም ደካማ የነበረውን ልቡን ምቱን አሳተው፤ ልቡም እንዲያ ሲንገዳገድ ጥቂት ቆይቶ ነው የቆመው። ሰው ደርሶለት ቢሆንስ ብላ ጠየቀችው። ሐኪሙ «ይተርፍ ነበር ለማለት አልደፍርም» አለ፤ ቀጥሎም «አይተርፍም ነበር ለማለትም አልደፍርም» አለ።

ያን ቀን ጠዋት ከቤቱ ጋር ጉዳይ የነበራቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው። የሟቹ ሚስት፣ ታናሽ ወንድሙ፣ የእህቱ ልጅ፣ ብየዳ የሚሠራው ሰውና ጥበቃው።

ሚስቱ በእጇ የመድኃኒት ብልቃጥ ጨብጣ ነበር፤ እየተናገረችም አልለቀቀችውም። ባሏ የልብ መድኃኒቱን ቤት ረስቶ ስለወጣ ልታደርስለት ነበር የመጣችው። ጥበቃው በሩን ከፍቶ እስከ ደረጃው አብሯት መጣ። ክፍሉን ስትከፍት ወድቆ አገኘችው፤ ጮኸች፤ ጥበቃው ሰው ሊጠራ ሮጠ።

«ሹራቡን ደረቱ ላይ ያደረጉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ከራሱ ሥር ነበር፣ እንደ ትራስ ተጣጥፎ። ደክሞት ጋደም ያለ መሰለኝ። እጁን ስይዘው በረደኝ። የበረደው መስሎኝ ሹራቡን አውጥቼ አለበስኩት።»

«ያኔ ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ ነበር?»

«ማንም። እሱና እኔ ብቻ ነበርን።» ብልቃጡን አየችው። «ትናንት ማታ ኪሱ ልከተው ብዬ ነበር። ጠዋት እሰጠዋለሁ ብዬ ተውኩት።»

መርማሪዋ ሌላ ነገር አልጠየቀቻትም። ይህን ዓይነቱን ጸጸት ታውቀዋለች፤ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ከሁሉ ቀድሞ ገብቶ ከሁሉ በኋላ የሚወጣ እንግዳ ነው።

ታናሽየው ወንድም ክራቫቱን አላልቶ፣ ከቢሮው መስኮት አጠገብ ቆሞ ነበር ያናገራት። ያን ጠዋት ከወንድሙ ጋር በግቢው ውስጥ ተጨቃጭቀዋል፤ አልካደም። ገዢዎች ሊመጡ ነው። ገዢዎቹ የለመዱት የሌላ ድርጅት ቺፕ ምልክቱን ከገደል እንደሚወድቅ ድንጋይ ቁልቁል ይጥለዋል፤ የእነሱ ቺፕ ግን ያንሸራትተዋል። አሁን ካልገዙ ቤቱ መዘጋቱ ነው። የእኛም ምልክት ይፍጠን ቢለው ወንድሙ አሻፈረኝ አለ።

«ምን አሉት?»

«ሽማግሌ ሆነሃል፣ ዘመኑ ጥሎህ ሄዷል አልኩት።» ከንፈሩን ነከሰ። «መልስ ሳይሰጠኝ መኪናዬን አስነስቼ ወጣሁ። እንግዶቹን ከአውሮፕላን ማረፊያ ልቀበል። መስቀለኛው መንገድ ላይ መኪና ተጨናንቆ ብዙ ቆሜያለሁ፤ እዚህ ቅርብ ነው፣ ከዚህ መስኮት ይታያል። በመኪናው ውስጥ ሆኜ ስመለስ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ እያልኩ ነበር።»

ጥበቃው የሰጠው ቃል ከዚህ ጋር ገጠመ። መኪናው ከወጣ በኋላ መምህሩ ግቢው ውስጥ ብቻውን ቆሟል፤ ከቧንቧው ውኃ ጠጥቷል፤ ፊቱንም ታጥቧል። ቆየት ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ሚስቱ እስክትመጣ ድረስ በበሩ የገባ ሰው የለም።

ብየዳ የሚሠራውን ሰው ሁሉም «እጀ ወርቅ» ይለዋል። የዚያን ዕለት ግን እጁን ሳይሆን ጉንጩን ይዞ ነበር የመጣው፤ ከማለዳ ጀምሮ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሆኖ መንጋጋ ጥርሱን አስነቅሎ ጥጥ ነክሷል። የሚናገረው ግማሹ አይሰማም። ቃሉን ጽፎ እንዲፈርም ብዕር ስትሰጠው በግራ እጁ ተቀበላት።

«ጠረጴዛህን ሌላ ሰው ይጠቀምበታል?»

በጥጡ መሃል «ሲቸግራቸው» አላት። «ብረቱን ግን ሳላጠፋ ወጥቼ አላውቅም፤ እሳት እፈራለሁ።»

የቀረችው የእህቱ ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች በኋላ መምህሩና ሚስቱ ናቸው ያሳደጓት። በልጅነቷ ኮሳሳ ስለነበረች መምህሩ «ድንቢጥ» አላት፤ ትልቅ መሐንዲስ ሆና የቺፑን ግማሽ ራሷ ነድፋም ስሙ አልለቀቃትም። መርማሪዋ ስትገባ ድንቢጥ ከኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ፣ የጠፋ ስክሪን ታያለች። ዓይኗ ቀልቷል። ከሻይ በኋላ ዕቃ ለመፈለግ መጋዘን እንደነበረች፣ የአክስቷን ጩኸት ሰምታ እንደመጣች ተናገረች፤ አጎቷን አባባ፣ ሚስቱን አክስቴ ነው የምትላቸው።

መርማሪዋ ስለ ቺፑ እንድታስረዳት ለመነቻት። «እኔ ከአምፖል መቀየር ያለፈ አላውቅም። ምልክቱ ቢፈጥን ምን ክፋት አለው?»

ስለ ሥራዋ ስታወራ ልጅቱ ትንሽ ነፍስ ዘራች። «አባባ የሚለውን ልንገርዎት። ምልክቱ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ቀስ ብሎ ከወረደ ይረጋል። ተወርውሮ ከወረደ ይነጥራል። በር ማለት ነው። በቀስታ ቢዘጉት ተዘግቶ ይቀራል፤ ቢወረውሩት ከመቃኑ ተላትሞ ይከፈታል። የእኛም ምልክት ሲነጥር ከዚያ ወዲያ ያለው ዕቃ ‹በሩ ተከፈተ፣ ደግሞ ተዘጋ› ብሎ ይሳሳታል።»

«ፍጥነቱን የሚወስነው ምንድን ነው?»

«አንዲት ሬዚስተር ናት። እሷን ከፍ ባለች ሲቀይሯት ይዘገያል፣ አነስ ባለች ሲቀይሯት ይፈጥናል።»

«እንግዲያው እጅግ ቢዘገይ ነዋ የሚሻለው።»

«እሱም ደግ አይደለም። መሃል ቤት ሲንጠለጠል ቺፑ ይግላል፣ ሥራውም ይረፍዳል። ልኩን ማግኘት ነው እንጂ ይል ነበር አባባ። ልኩን ካገኛችሁ በኋላ ደግሞ እሷን አትንኩብኝ ይለናል።» እንባዋ መጣ። በመዳፏ ጠረገችው። «ብቻ... ራሱ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ አላረፈም። እሱን እያሰብኩ ነው የምጽናናው።»

መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀች። ወደ ውጭ ስትወጣ ግን ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ነገሩ ገብቷታል፤ ባይገባት በወደደች ነበር።

ከቀብሩ ማግስት፣ ረፋድ ላይ፣ ሁሉንም መሞከሪያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሚስቱ ጥቁር ለብሳ ብቸኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ድንቢጥ ከኋላዋ ቆማ ትከሻዋን ይዛታለች። ታናሽየው ግድግዳ ተደግፏል። ጥበቃው ከበሩ አልፎ አልገባም። እጀ ወርቅ፣ ያበጠው ጉንጩ ጎደል ብሎለት፣ መርማሪዋ ያዘዘችውን አሰናድቶ ጨርሷል፤ በፍርግርጉ ውስጥ ገዳዩን ኃይል አውጥቶ በቦታው አንድ አምፖል ሰቅሏል።

«ነገሩን ከመጀመሪያው አንስቼ በቀስታ እናገራለሁ» አለች መርማሪዋ። «ያልተስማማ ሰው ያቋርጠኝ።»

በመጀመሪያ የፖሊሱን ባለሙያ ግራ ያጋባውን ነገረቻቸው። በሩ ሲከፈት ሽቦው በድን ይሆናል፤ ሰውየው ግን በሩን ከፍቶ በዚያው ሽቦ ሞቷል። ሁለቱም እውነት ከሆነ፣ ሰውየው በሞተበት ሰዓት የነበረው ሰሌዳና ፖሊስ የመረመረው ሰሌዳ አንድ አይደሉም ማለት ነው። አንድ ነገር ተቀይሯል፤ ተቀይሮም ተመልሷል።

የትኛው ነገር እንደሆነ ሰሌዳው ራሱ ተናግሯል። ሁሉም ዕቃ አቧራ ሲለብስ አንዲት ሬዚስተር ብቻ ታበራለች፤ የምልክቱን ፍጥነት የምትወስነዋ ናት። በዚያ ቀን የተበየደች ለመሆኗ ደግሞ የጋለው ብረት ምስክር ነው። የጠረጴዛው ባለቤት ጥርስ ሐኪም ዘንድ ነበር፤ ያ ባይሆንም እንኳ ግራኝ ነው፣ ጠረጴዛውም ገመዱም ለግራ እጅ የተሰናዳ ነው። ብረቱ የተገኘው በስተቀኝ ነው።

«ከስፖንጁ ላይ ያገኘኋት ፍሬ ይቺ ነበረች» አለች፤ ወደ ሰሌዳው እየጠቆመች። «ከሰሌዳው የተነቀለችው ናት፤ ከብረቱ ጫፍ ላይ ተጣብቃ ሲጠርጉት እዚያ ቀረች። አሁን እጀ ወርቅ መልሶ በይዷታል። እስቲ በሩን ይክፈቱት።»

ታናሽየው ሄዶ የፍርግርጉን በር ከፈተ። አምፖሉ ጠፋ። ወዲያውም፣ በሩ ሳይዘጋ፣ ተመልሶ በራ።

ሚስቱ አምፖሉን እያየች እጇን ወደ አፏ ወሰደች። አምፖሉ የሚያበራው ባሏ በየጊዜው እጁን ያስገባበት የነበረውን ቦታ ነበር።

«ምልክቱ ቸኮለ፤ ነጠረ፤ ኃይሉ ተመለሰ» አለች መርማሪዋ። «እሳቸው እንደ ልማዳቸው ለእንግዶቹ ሊያሰናዱ ነበር የከፈቱት። እስከዚህ ድረስ ያለው ስህተት ነው፤ ማንም ሊገድላቸው ያሰበ የለም ብዬ አምናለሁ። የሚከብደኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።»

ሬዚስተሯን የመለሳት ሰው፣ መምህሩ ከወደቀ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ነበር። ታናሽየው ያኔ መስቀለኛው መንገድ ላይ ቆሟል። ሚስቱ ከጥበቃው ጋር ነው የመጣችው፤ ስትደርስ ባሏ ቀዝቅዟል። የጥበቃው ዕውቀት ከበሩ አያልፍም። ብረቱ ደግሞ ሲሰኩት ወዲያው አይግልም፤ እስኪግል መጠበቅ አለ። የመርማሪዋ ድምፅ እዚህ ላይ ዝቅ አለ። የጠበቀው ሰው በጭካኔ አልጠበቀም፤ ሹራቡን ከወንበሩ አንስቶ፣ አጣጥፎ፣ ከወደቀው ሰው ራስ ሥር አድርጎለታል። ይህን የሚያደርጉት ለሚተነፍስ ሰው ነው። ስለዚህ ያ ሰው መምህሩ በሕይወት እንዳለ ያውቅ ነበር።

«ሹራቡ ከራሳቸው ሥር እንደነበር የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ያወጡት ባለቤታቸውና ያስቀመጠው ሰው። ሌላው ሁሉ ሲገባ ያየው ደረታቸው ላይ ነው።» ወደ ድንቢጥ ዞረች። «ልጄ፣ ራሱ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ አላረፈም ብለሽ ነግረሽኛል።»

የድንቢጥ እጅ ከአክስቷ ትከሻ ላይ ወረደ። ለመካድ አልሞከረችም፤ እንዲያውም ከባድ ሸክም እንዳወረዱለት ሰው ነበር የተነፈሰችው።

ቀስ እያለች ተናገረች። ሁለቱ ወንድማማቾች ግቢው ውስጥ ሲጨቃጨቁ በመስኮት ሰማቻቸው። ያንን ጭቅጭቅ ልታበርደው ፈለገች። ምልክቱ ፈጥኖም ሊረጋ እንደሚችል በራሷ ንድፍ ታሳየዋለች፤ ገዢዎቹ ይደሰታሉ፣ አጎቷም ይኮራባታል። የድሮዋን ሬዚስተር ነቀለቻት፣ ስትነቅላት ተሰበረች፤ አነስተኛዋን በቦታዋ በይዳ፣ ብረቱን አጥፍታ ምልክቱን በስክሪኑ ለካችው። ምልክቱ ነጠረ። አባባ ልክ ነበር። እሱ ሳያይ በድሮዋ ዓይነት ልትተካት ሌላ ሬዚስተር ፍለጋ ወደ መጋዘን ሮጠች፤ እሱ ገና ግቢ ውስጥ ያለ መስሏታል። ስትመለስ ወድቆ አገኘችው።

«ዓይኑን ገልጦ ነበር። አወቀኝ። ድንቢጥ አለኝ። ሬዚስተሯ በእጄ ነበረች። እሱም እጄን አየና ‹መልሺው› አለኝ። ሁለት ጊዜ አለኝ፣ ‹መልሺው፣ ቶሎ በይ›። እንግዶቹ ሳይመጡ፣ ሰው ሳይሰማብኝ እንድመልሳት ነው ያለኝ። ሊሸፍንልኝ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሲሸፍንልኝ ነው የኖረው።» ትንፋሿ ተቆራረጠ። «ሹራቡን አደረግሁለት። ብረቱን ሰካሁ። ‹አባባ፣ እየመለስኳት ነው› እለዋለሁ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማኛል። ይነሳና ይቆጣኛል ብዬ ነበር። በይጄ ስጨርስ ጠራሁት። መልስ አልሰጠኝም። ከዚያ ፈራሁ። ፈርቼ ሄድኩ።»

ሚስቱ ከወንበሯ አልተነሳችም፤ አልዞረችምም።

«ውኃ ጠየቀሽ?» አለቻት።

«አልጠየቀኝም፣ አክስቴ።»

«አመመኝ አለሽ?»

«አላለኝም።»

ሚስቱ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ የልጅቱን እጅ ፈለገች። አገኘችው። ይዛው አልለቀቀችውም።

መርማሪዋ ቀና ስትል ታናሽየውን አየችው። ግድግዳው ላይ ተንሸራትቶ ቁጢጥ ብሏል። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። ያን ጊዜ የሰማችው ቃል በጆሮዋ ውስጥ ዞረባት። በዚህ ቤት ያቺን ፍሬ «እሷ» የማይላት ሰው የለም። እሷን አትንኩብኝ። እሷን ቀይሯት። ሰውየው «መልሺያት» አላለም።

ኮሪደሩ ላይ ታናሽየው ደርሶ ክንዷን ያዛት።

«ያለው እኔን ነው» አላት በሹክሹክታ። «መኪናው እኔ ጋ ነበር። መልሺው፣ ጥሪው፣ ሐኪም ቤት ይውሰደኝ ነው ያለው። እኔ እኮ መስቀለኛው ላይ ቆሜያለሁ። ስልኬ ጭኔ ላይ ነበር።»

«ገብቶኛል» አለችው።

«ይነገራት?»

መርማሪዋ ወደ ክፍሉ በር ተመለከተች። በዚያ በኩል ሁለት ሴቶች ቆመው ይሰነባበታሉ፤ ትልቋ የትንሿን የኮት ቁልፍ እየቆለፈችላት ነበር። «ሕግ የሚጠይቃትን ትመልሳለች» አለች። «ይህን ግን ሕግ አልጠየቃትም። እርስዎም ዝም ይበሉ። ከቻሉ።» ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፤ በዚያ ዕድሜው እንደ ልጅ አለቀሰ።

በፖሊሱ መኪና ውስጥ ድንቢጥ ከኋላ፣ ከመርማሪዋ ጎን ተቀመጠች። ካቴና አልነበራትም። ግቢውን ወጡ፤ ጥበቃው ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። መንገዱ ዳር ሱቆች ተከፍተዋል፣ አንድ ሰው መስታወት ይወለውላል፣ ተማሪዎች ተጋፍተው ያልፋሉ። መስቀለኛው መንገድ ላይ ሲደርሱ መኪና ተጨናንቆ ቆሙ።

ልጅቱ ለረጅም ጊዜ በመስኮቱ ስትመለከት ቆየች። ዞራም መርማሪዋን አየቻት፤ ግንባሯ ተቋጥሯል፣ ሒሳብ ተሳስቶባት መልሳ የምትደምር ሰው ትመስላለች።

«አባባ እኮ ሬዚስተሯን ሁልጊዜ ‹እሷ› ነበር የሚላት» አለች።

መርማሪዋ የልጅቱን እጅ ወስዳ በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘችው፤ መንገዱ ተከፍቶ ጣቢያው እስኪደርሱ አልለቀቀችውም።